በአሜሪካ ስላለው የግል ኪሳራ ሕግ በወገኖቻችን ዘንድ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የንግድ ሕግ ስለ ኪሳራ የደነገገው ለነጋዴዎችና ለንግድ ማኅበራት ስለነበረ፣ ደመወዝተኛ ሰው በፍርድ ቤት ከዕዳው ነፃ ሊወጣ ይችላል የሚለው ሐሳብ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው። በአሜሪካ የሚኖር ወገናችን የክሬዲት ካርድና የሕክምና ዕዳ ሲከማችበት ከጠበቃ ይልቅ ወሬ የሚሰማው ከዚህም የተነሣ ይመስለኛል።

«ዜጋ ያልሆነ ሰው ማመልከት አይችልም፤ ቢያመለክትም ግሪን ካርዱን ያጣል።»

ሕጉ የሚጠይቀው በአገሪቱ ውስጥ መኖሪያ፣ የንግድ ቦታ ወይም ንብረት መኖሩን እንጂ ዜግነትን አይደለም። ለኪሳራ ማመልከት ብቻውንም ከአገር የሚያስወጣ ምክንያት አይሆንም። በማመልከቻው ላይ በሐሰት መማል ግን እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ስለሆነ የኢሚግሬሽን ጉዳይንም ሊያበላሽ ይችላል።

«ያለህን ሁሉ ይወስዱብሃል።»

ለግለሰብ ከሚያገለግሉት የኪሳራ ሕጉ ምዕራፎች አንዱ በሆነው በቻፕተር 7፣ ትረስቲ የሚባለው ባለአደራ የሚሸጠው በሕግ ጥበቃ ያልተደረገለትን ንብረት ብቻ ሲሆን፣ በአብዛኛው መዝገብ የሚሸጥ ነገር አይገኝም። በቻፕተር 13 ደግሞ ባለዕዳው ንብረቱን ይዞ ከገቢው ከ3 እስከ 5 ዓመት ይከፍላል፤ ውዝፍ የቤት ክፍያ ያለበት ሰው ቤቱን የሚያተርፈውም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው። በሁለቱም ማመልከቻው እንደገባ የደመወዝ ቆረጣና የቤት ሐራጅ እንደ ደንቡ ይቆማሉ።

«አዲስ አበባ ያለው ቤት አይመለከታቸውም።»

ከሁሉም የከፋ ጉዳት የሚያስከትለው ይህ አመለካከት ነው። ሕጉ ንብረት የሚለው የትም ቦታ፣ በማንም እጅ ቢገኝ የባለዕዳውን መብት ሁሉ ስለሆነ፣ ኮንዶሚኒየሙም ሆነ በአገር ቤት ባንክ ያለው ገንዘብ መገለጽ አለበት። ቤቱን በእኅት ስም ማዛወርም መፍትሔ አይሆንም፤ ከማመልከቻው በፊት ባሉት 2 ዓመታት ያለ ተገቢ ዋጋ የተላለፈ ንብረት ሊመለስ ይችላል፤ አስቦ የሸሸገ ሰው ደግሞ የዕዳ ስረዛውን ራሱን ሊነፈግ ይችላል። ጠበቃው ስለ ቤቱ አስቀድሞ ካወቀ ግን ቻፕተር 13 ይሻል እንደሆነ ለመመርመር ጊዜ ያገኛል።

«መጀመሪያ የወንድሜን ብድር ልክፈል» የሚለውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ከማመልከቻው በፊት በነበረው አንድ ዓመት ውስጥ ለዘመድ የተከፈለን ዕዳ ባለአደራው ከዘመዱ ላይ ሊያስመልስ ስለሚችል፣ ለውለታ የተደረገው ነገር ወንድምን ለክስ ይዳርጋል። ዕቁብም እንዲሁ ነው፤ ዕጣው ደርሶት ቀሪ ዙር የሚከፍል ሰው ባለዕዳ ነውና ዕዳውን ከዝርዝሩ ማስቀረት አይችልም፤ ዕጣው ያልደረሰው ደግሞ የጣለውን ገንዘብ እንደ ሀብቱ ያስመዘግባል። ለይሉኝታ የሚጨነቅ ሰው፣ ዕዳው ከተሰረዘ በኋላም በፈቃዱ መክፈልን ሕጉ እንደማይከለክለው ቢያውቅ መልካም ነው።

«ዕዳ ሁሉ ይሰረዛል።»

የልጅ ማሳደጊያ፣ የቅርብ ዓመታት የገቢ ግብርና በማታለል የተገኘ ብድር አይሰረዙም። የተማሪ ብድርን ለማሰረዝ ከባድ ችግር መኖሩን ለብቻው በፍርድ ቤት ማስረዳት ያስፈልጋል። ዋስ የሆነ ወዳጅም በቻፕተር 7 ነፃ አይወጣም።

«ክሬዲቴ ለዘላለም ይበላሻል።»

ቻፕተር 7 በክሬዲት ሪፖርት ላይ የሚቆየው 10 ዓመት ነው። ወራት ያለፈው ያልተከፈለ ዕዳም ቢሆን ክሬዲቱን አስቀድሞ ጎድቶታል።

«ጠበቃ ውድ ስለሆነ ታክስ የሚሠራልኝ ሰው ይሙላልኝ፤ ወይም ዕዳ የሚያስቀንስ ድርጅት አለ።»

ጠበቃ ያልሆነ ሰው የሚፈቀድለት የተነገረውን በቅጹ ላይ መጻፍ ብቻ ነው፤ የትኛው ቻፕተር እንደሚሻል መምከር አይችልም። ዕዳ እናስቀንሳለን ብለው በስልክ የሚያግባቡ ድርጅቶችን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የፌዴራል ደንብ ውጤት ሳያስገኙ ክፍያ እንዳይቀበሉ ከልክሏል፤ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ መራቅ ይበጃል። አበዳሪ በድርድር የተወው ዕዳ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ግብር ሊያስከፍልም ይችላል፤ በኪሳራ የተሰረዘ ዕዳ ግን እንዲህ አይቆጠርም።

የቻፕተር 7 የመዝገብ ማስከፈቻ 338 ዶላር ሲሆን በየጊዜው ከፋፍሎ መክፈል ይቻላል፤ ገቢው ከድህነት መለኪያው 150 በመቶ በታች የሆነ ሰውም ክፍያው እንዲቀርለት ማመልከት ይችላል። የጠበቃ አቅም የሌለው ሰው በአካባቢው ያለውን ነፃ የሕግ ድጋፍ ድርጅት ሊጠይቅ ይገባል። አመልካቹ ዳኛ በሌለበት ከባለአደራው ጋር በሚያደርገው ስብሰባ ላይም በስልክ ነፃ አስተርጓሚ ስለሚቀርብ፣ ልጅን ወይም ዘመድን ለትርጉም ማስቸገር አያስፈልግም።