የኔትወርክ ካሜራ ምንድን ነው? ለቤተ ክርስቲያን የቀጥታ ስርጭትስ የትኛው ይሆናል?

አራዳ አካባቢ ባለ አንድ ደብር፣ በሰንበት ትምህርት ቤቱ የሚዲያ ክፍል አገለግላለሁ። ካሜራ ለመግዛት ስንመክር አንድ አባት «ልጆቼ፣ አጥሩ ላይ ያሉትስ የኔትወርክ ካሜራዎች አይደሉም እንዴ? ሌላ ወጪ ለምን?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር፤ የጥበቃውም ካሜራ በእርግጥ የኔትወርክ ካሜራ ነው።

ስሙ የሚነግረን ምስሉ የሚሄድበትን መንገድ ብቻ ነው። ካሜራው ያየውን ወደ ዳታ ቀይሮ፣ ኮምፒውተሮች በሚገናኙበት የኔትወርክ ገመድ ይልካል። ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው የተቀናበረው ምስል ከግቢው ሲወጣ ነው፤ ብዙ ሰው እነዚህን ሁለቱን ያምታታል።

አባታችን እንዳሉት የጥበቃውን ካሜራ በመዝሙር ልምምድ ቀን ሞከርነው። ከበሮው «ድም» ሲል መቺው ልጅ በስክሪኑ ላይ ገና እጁን እያነሣ ነበር። ድምፁ በራሱ ገመድ ወዲያው ይደርሳል፤ ምስሉ ግን ካሜራው ውስጥ ይታመቃል፣ ይጠራቀማል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ ይፈታል። የጥበቃ ካሜራ የተሠራው ብዙ ቀን በትንሽ ማከማቻ እንዲቀዳ ነው፤ ዘበኛው አንድ ሰከንድ ዘግይቶ ቢያይ የሚጎዳው ነገር የለም። ለወረብ ግን አንድ ሰከንድ ብዙ ነው። ጸናጽሉና መቋሚያው ከዜማው ጋር ካልገጠሙ ቤቱ ሆኖ የሚከታተለው ምእመን ጸሎቱ ይበተንበታል። ድምፁን ማዘግየት ይቻላል፤ ሆኖም እያንዳንዱ ካሜራ የየራሱ መዘግየት ካለው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በተቀየረ ቁጥር ስምምነቱ እንደገና ይፈርሳል። ስለዚህ የምስል ጥራት ቁጥሩን ከመጠየቃችሁ በፊት መዘግየቱን ጠይቁ።

ለቀጥታ ቅንብር ተብለው ከተሠሩት መካከል ምስልን በኔትወርክ የሚያስተላልፈውን፣ ኤንዲአይ የሚባለውን ስልት የሚጠቀሙት ይገኙበታል። ስልቱን ኒውቴክ የተባለው ኩባንያ በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይፋ አደረገው። ሙሉው ኤንዲአይ ምስሉን በጥቂቱ ብቻ ስለሚያምቅ መዘግየቱ ለዐይን አይታወቅም፤ በምትኩ አንድ ሙሉ ኤችዲ ካሜራ በሰከንድ 100 ሜጋቢትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። የኔትወርክ ገመዶቹ የሚገናኙበት ሣጥን ስዊች ይባላል፤ አሮጌ የ100 ሜጋቢት ስዊች አንዱን እንኳ አይችልም፤ ባለ 1 ጊጋቢቱ አራቱን ይሸከማል። ኤችኤክስ የተባለው የኤንዲአይ ዓይነት ብዙ ስለሚያምቅ መንገዱ ይቀለዋል፤ ትንሽ ይዘገያል። አቅም ለሌለው ደብር እኔ ኤችኤክሱን አልነቅፍም፤ ሁሉም ካሜራዎች አንድ ዓይነት ይሁኑ እንጂ።

ሌላው ጉዳይ ቦታው ነው። በቅዳሴ መካከል ገመድ እየጎተቱ መመላለስ ነውር ነው። በርቀት የሚዞር፣ ቀና ደፋ የሚልና የሚያቀርብ፣ ፒቲዜድ የሚባለው ካሜራ ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ ይሰቀላል፤ አገልጋዩ ውጭ ባለው ክፍል ተቀምጦ ያዘዋል። ማቅረቡ በሌንሱ መሆን አለበት፤ በዲጂታል ብቻ የሚያቀርበው ምስሉን ከመለጠጥ አያልፍም። ብርሃናችን ጧፍና ሻማ ስለሆነ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል፣ ሴንሰሩ፣ ሰፋ ያለውን ምረጡ። የዕጣኑ ጢስ ሲነሣ ራሱ የሚያተኩር ካሜራ ካህኑን ትቶ ጢሱን ሊፈልግ ይችላል፤ ትኩረቱን በእጅ መቆለፍ የሚቻልበት ይሁን። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ካሜራውንም በሰከንድ 25 ወይም 50 ምስል ላይ አድርጉት፤ 60 ላይ ከቀረ አምፖሎቹ ሊርገበገቡ ይችላሉ።

እኔ በጣም የምወደው ጥቅሙ ግን ገመዱ ነው። የኤችዲኤምአይ ገመድ ከ15 ሜትር ወዲያ ያስቸግራል፤ የኔትወርኩ ገመድ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል፣ ፒኦኢ የሚባለው ካለው ደግሞ ኤሌክትሪኩንም ይዞ ይሄዳል። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ስዊቹን፣ ኮምፒውተሩንና የድምፅ መሣሪያውን መብራት ሲጠፋ በባትሪ በሚያቆየው ዩፒኤስ ከያዛችሁ ግድግዳው ላይ ያሉት ካሜራዎች ሁሉ አብረው መሥራታቸውን ይቀጥላሉ። የምትገዙት ስዊች ለሁሉም የሚበቃ ዋት እንዳለው ግን ደምሩ።

ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ካሜራውን ከስክሪን ጋር እንዲያገናኝላችሁ ጠይቁት። ካሜራው ፊት ቆማችሁ አጨብጭቡ፤ መዳፎቻችሁ በስክሪኑ ላይ መቼ እንደሚገናኙ ተመልከቱ።