የነዳጅ ፍለጋ ምንድን ነው?

ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የሚሻገር ሰው የዓባይን በረሃ ሲወርድ ገደሉ ቀለሙን ሲቀያይር ያያል። ከላይ ጥቁር ድንጋይ አለ፤ ዝቅ ሲሉ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያም አሸዋማ ድንጋይ። ነዳጅ በአብዛኛው የሚገኘው በጥንት ባሕርና ወንዝ ደለል በተነባበሩ እንዲህ ባሉ ድንጋዮች ውስጥ ነው። ስለዚህ ጎጃም ውስጥ «ነዳጅ ይኖር ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ የሚቀድመው ነገር ነው፤ ፍለጋው ራሱ።

ፍለጋው የሚጀምረው በወረቀት ነው። መንግሥት አገሩን ካርታ ላይ «ብሎክ» እያለ ይከፋፍላል፣ ኩባንያው አንዱን በውል ይይዛል። ቀጥሎ ሴይስሚክ የሚባለው ጥናት ይመጣል። በየብስ ላይ ከባድ መኪኖች መሬቱን ያንቀጠቅጣሉ፣ ወይም ጉድጓድ ውስጥ ፈንጂ ይፈነዳል። ውኃ ላይ ከሆነ የታመቀ አየር ይለቀቃል። ነጥሮ የሚመለሰውን ሞገድ መሣሪያዎች ይቀርጹታል። ጋኑን ቆርቆር አድርጎ ጠላው የት ድረስ እንደሆነ እንደማወቅ ነው። ነዳጅ መኖሩ የሚረጋገጠው ግን በሙከራ ጉድጓድ ብቻ ነው። ለዚያ ደግሞ መንገድ ይጠረጋል፣ ካምፕ ይተከላል፣ ብዙ ውኃ ይቀዳል፤ ኬሚካል የተቀላቀለበት የቁፋሮ ጭቃም ይከማቻል። ይህ ሁሉ ሆኖ ጉድጓዱ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጉዳቱ የሚመጣው ነዳጅ ሲወጣ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው የቪሩንጋን ታሪክ ይስማ። ቪሩንጋ በምሥራቅ ኮንጎ ያለ፣ እ.ኤ.አ. በ1925 የተመሠረተ ብሔራዊ ፓርክ ነው። የተራራ ጎሪላዎች መኖሪያ ነው፤ ከ1979 ጀምሮም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሶኮ ኢንተርናሽናል የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ከፓርኩ ሰፊ ክፍል ጋር የተደራረበ ብሎክ ያዘ። ኤድዋርድ ሐይቅም በዚያው ብሎክ ውስጥ ነበር። ኩባንያው የጎሪላዎቹን መኖሪያ እንደማይነካ ይናገር ነበር። ዩኔስኮ በበኩሉ በዓለም ቅርስ ላይ ነዳጅ መፈለግ ከቅርስነቱ ጋር አይሄድም አለ። የተፈጥሮ ጥበቃው ድርጅት ደብሊው ደብሊው ኤፍ እ.ኤ.አ. በ2013 እንግሊዝ ውስጥ አቤቱታ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2014 ኩባንያው ዩኔስኮና የኮንጎ መንግሥት ካልተስማሙ በስተቀር በፓርኩ ውስጥ እንደማይቆፍር ቃል ገባ። በሐይቁ ላይ የነበረው የሴይስሚክ ሥራ ግን ያን ዓመት ተሠርቶ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ2015 ኩባንያው ብሎኩን ከእንግዲህ አልያዝኩም አለ። ነገሩ በዚያ አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2022 የኮንጎ መንግሥት 30 የነዳጅና የጋዝ ብሎኮችን ለጨረታ ሲያወጣ ቪሩንጋን የሚነኩ ነበሩባቸው።

አንድ በርሜል እንኳ ሳይወጣ ይህ ሁሉ ሆነ። የሐይቁን ዓሣ ይዞ የሚኖረው ሕዝብ ዓመታት በስጋት አሳለፈ። ጣና ላይ መረብ የሚጥል ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ደግሞም ሩቅ አይደለም። የኤድዋርድ ውኃ በሴምሊኪ ወንዝ አልበርት ሐይቅ ገብቶ፣ ነጭ ዓባይ ሆኖ፣ ካርቱም ላይ ከእኛው ዓባይ ጋር ይገናኛል።

እኛ አገር ሕጉ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ የመስጠት መብት እንዳላቸው ይናገራል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። እንግዲህ ፈላጊ ኩባንያ ቀበሌ ድረስ ቢመጣ ስለ ሥራ ዕድልና ስለ መንገድ ብቻ ሰምቶ ማጨብጨብ አይበቃም። ሪፖርቱን በአማርኛ አምጡ ማለት ይገባል። ለቁፋሮው ውኃ ከየትኛው ምንጭ እንደሚቀዳ፣ የቁፋሮው ጭቃ የት እንደሚደፋ ይጠየቅ። ጉድጓዱ ባዶ ሆኖ ኩባንያው ሲሄድ ማን በማን ገንዘብ እንደሚደፍነውም ከመፈረሙ በፊት በጽሑፍ ይቀመጥ።