በዓይነ ስውራን እግር ኳስ ለብሔራዊ ቡድን ብቁ የሚሆነው ማን ነው?

«ሁሉም ዓይኑን ሸፍኖ የሚጫወት ከሆነ ትንሽ የሚያይ ልጅ ለምን ይቀራል?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል። ሽፋኑ ሜዳ ላይ ያሉትን እኩል ያደርጋል እንጂ ብቁነት አይሰጥም። በፓራሊምፒክ አራቱ የሜዳ ተጫዋቾች ቢ1 ከሚባለው፣ ፈጽሞ ወይም ከሞላ ጎደል ከማያዩት ምድብ መሆን አለባቸው፤ ግብ ጠባቂው ግን ማየት ይችላል።

የሚለካው የተሻለው ዓይን ነው፣ ያውም በመነጽር ታግዞ። ለምሳሌ ብርሃንን ከጨለማ ቢለይም የእጅን ቅርጽ የማይለይ ተጫዋች በአብዛኛው ቢ1 ነው። አንድ ዓይኑ ፈጽሞ ጠፍቶ በሌላው ዓይኑ ጣቶችን አይቶ የሚቆጥር ግን ቢ1 ውስጥ አይገባም።

ስለዚህ መልማዩ የኳስ ችሎታውን ከመመዘኑ በፊት የዓይን ሐኪም ማስረጃ ይጠይቅ፤ ወራት ሠልጥኖ በምደባ መውደቅ ልጁን ክፉኛ ይጎዳዋል። የመጨረሻው ውሳኔ የዓለም አቀፍ መዳቢዎች ነው። የአገር ውስጥ ውድድር ደንብ ግን እንደየአገሩ ይለያያል፤ ቢ2 እና ቢ3 የሚባሉትን፣ በከፊል የሚያዩ ተጫዋቾችን ዓይናቸውን ሸፍነው የሚያሰልፉ አሉ።