ሽፔክጉርተል ምንድን ነው?

ጀርመን ውስጥ ቤት መፈለግ የጀመረ ሰው ብዙ ሳይቆይ ይህን ቃል ይሰማል። ሽፔክ ጮማ ነው፣ ጉርተል ደግሞ መቀነት። የጮማ መቀነት እንደ ማለት ነው። በአንድ ትልቅ ከተማ ወገብ ላይ የተጠመጠሙ ትንንሽ ከተሞች በጅምላ የሚጠሩበት ስም ነው።

የእነዚህ ከተሞች ነዋሪ ጠዋት በባቡር ወደ ትልቁ ከተማ ይሄዳል፣ ማታ ይመለሳል። እንዲህ ያለውን ተመላላሽ ጀርመኖች ፔንድለር ይሉታል። ቃሉ ከግድግዳ ሰዓት ፔንዱለም ጋር አንድ ሥር አለው። ወዲያ ሄዶ ወዲህ መመለስ ነው ነገሩ።

ለእኔ ነገሩን ከሁሉም በተሻለ የምታስረዳው ፋልከንዜ ናት። ከበርሊን በስተ ምዕራብ፣ ከሽፓንዳው ወረዳ ጋር ተዋስና ትገኛለች። የተመሠረተችው በፈረንጆቹ 1923 ነው፤ ፋልከንሃገንና ዜገፌልድ የሚባሉ ሁለት መንደሮች ሲዋሐዱ። ስለዚህ በብዙ የጀርመን ከተሞች መሃል የምናውቀውን ጥንታዊ አደባባይ እዚህ የሚፈልግ ሰው አያገኝም። የፋልከንዜ ሀብት ጓሮ ነው። ድሮ በርሊኖች ለሰንበት መዝናኛ ብለው ቁራሽ መሬት እየገዙ ትንሽ ቤት ይቀልሱባት ነበር። ዛሬም ጥድ፣ አጥር፣ አሸዋማ የሰፈር መንገድ አይጠፋባትም።

ከዚያ 1961 መጣ። የበርሊን ግንብ በፋልከንዜና በሽፓንዳው መካከል ቆመ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከፋልከንዜ ተነሥቶ ወደ ከተማው የሚገባው ኤስ-ባን፣ የከተማ ባቡሩ፣ ቀረ። ከተማዋ የምሥራቅ ጀርመን ስለነበረች በአጥሯ ማዶ ያለው ምዕራብ በርሊን የሌላ ዓለም ያህል ራቀ። ምሥራቅ በርሊን መሄድ የፈለገ ደግሞ ምዕራቡን ክፍል መዞር ነበረበት። እነዚያን በዙሪያው የሚሄዱ ባቡሮች ሕዝቡ ስፑትኒክ ብሎ ሰየማቸው፤ ምድርን እንደምትዞረው ሳተላይት ማለት ነው።

የምዕራብ ጀርመን ትልልቅ ከተሞች መቀነታቸውን በእነዚያ ዓመታት ሲታጠቁ በርሊን ወገቧ በግንብ ታስሮ ነበር። የበርሊን ጮማ የመጣው ከ1989 በኋላ ነው፤ ሲመጣ ደግሞ በአንድ ጊዜ። በ1990 ፋልከንዜ ወደ 22 ሺህ ሰው ነበራት። ዛሬ 45 ሺህ ገደማ ሆናለች። ልጅ የወለዱና ጓሮ የናፈቃቸው የበርሊን ቤተሰቦች ናቸው የሞሏት። ከባቡር ጣቢያዋ በርሊን ዋና ጣቢያ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

ታዲያ ጮማው የቱ ነው? እዚህ ላይ የግብር ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል። በጀርመን ከገቢ ግብር 15 በመቶው ለማዘጋጃ ቤቶች ይሄዳል። ክፍፍሉ ሰውየው በሚሠራበት ሳይሆን በሚኖርበት ቦታ ነው የሚታሰበው። ፔንድለሩ በርሊን ሠርቶ ሲገባ ከግብሩ ጥቂቱ አብሮት ወደ ፋልከንዜ ይመጣል። የንግድ ግብር ግን ድርጅቱ ያለበት ከተማ ነው የሚገባው። ሰው እንጂ ፋብሪካ የማይበዛበት ከተማ በዚህ በኩል ይጎዳል። ወጪው ደግሞ አይጠብቅም። ከ2013 ነሐሴ ጀምሮ አንድ ዓመት የሞላው ሕፃን ሁሉ የመዋያ ቦታ የማግኘት ሕጋዊ መብት አለው። አዲስ ቤተሰብ በገባ ቁጥር መዋያ፣ ትምህርት ቤት፣ መንገድ መሥራት ግድ ነው። ስሙ እንደሚለው የጠገበ ማዘጋጃ ቤት ነው ብላችሁ እንዳታስቡ።

ለእነዚህ ከተሞች ሌላም ስም አለ፦ ሽላፍሽታት፣ የእንቅልፍ ከተማ። ይህ ስም ግፍ ነው እላለሁ። ሰው ማታ የሚተኛበት ብቻ ተብሎ የተጠራው ቦታ ቀን ላይ ልጆች የሚማሩበት፣ ሽማግሌዎች ገበያ የሚወጡበት ነው። ግንቡ የነበረበት መስመር እንኳ ዛሬ የብስክሌት መንገድ ሆኗል።

በፋልከንዜ ለረጅም ዓመታት ሲያከራክር የኖረው ግን ባቡሩ ነው። ኤስ-ባን ይመለስ የሚሉ አሉ፤ ምልልሱ ይበዛል፣ ከሽፓንዳው ሰፈሮች ጋርም በደንብ ያገናኛል ይላሉ። ሌሎቹ የክልሉ ባቡር በየጣቢያው ስለማይቆም ይፈጥናል፣ እሱ ይጠናከርልን ባዮች ናቸው። አሁን ኤስ-ባንን ከሽፓንዳው እስከ ፊንከንክሩግ፣ ከፋልከንዜ ሰፈሮች አንዱ ድረስ፣ ለመዘርጋት ታቅዷል። በ1961 የቀረው ባቡር እስከ ዛሬ አልተመለሰም።