ፓርቲዛን ሬንጀር ምንድን ነው?

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ፓርቲዛን ሬንጀር ይባል የነበረው ከዋናው ጦር ተነጥሎ በጠላት ይዞታ ውስጥ እየተንቀሳቀሰ የሚዋጋ፣ ነገር ግን በሕግ የታወቀ፣ ደመወዝና ቀለብ የሚቆረጥለት የደቡብ ወታደር ነው። የኮንፌዴሬሽኑ፣ ማለትም ከሰሜኑ የፌዴራል መንግሥት የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች መንግሥት፣ ምክር ቤት ሕጉን ያወጣው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 1862 ነው። ሕጉ ማባበያም ነበረው፦ ከጠላት የማረኩትን መሣሪያ ለመንግሥት ካስረከቡ ሙሉ ዋጋው ይከፈላቸዋል።

ብዙ ወጣት ከምሽግ ኑሮ ይልቅ ይህን መረጠ። በሬንጀር ስም ወዳጅ ገበሬን ሳይቀር የዘረፉ ነበሩ። የደቡቡ ጦር መሪ ጄኔራል ሮበርት ሊ አሠራሩ እንዲቀር ጠየቀ፤ ሕጉም በፌብሩዋሪ 1864 ተሻረ። እንዲቀጥሉ ከተፈቀደላቸው ጥቂቶች መካከል የጠበቃው የጆን ሞዝቢ 43ኛው የቨርጂኒያ ፈረሰኛ ሻለቃ ዋነኛው ነው።

ሞዝቢ ሕግን ያወቀው በእስር ቤት ነው። ተማሪ ሳለ ባልንጀራውን በሽጉጥ አቁስሎ ታሰረ፤ የከሰሰው ዐቃቤ ሕግ መጻሕፍቱን አዋሰው። ከምሕረት በኋላ ጠበቃ ሆነ። የደቡብን መገንጠል ቢቃወምም ቨርጂኒያ ስትገነጠል ተራ ወታደር ሆኖ ዘመተ። ያገለገለው ባርነትን ለማቆየት የተነሣን ወገን ነበር፤ በስተርጅናው ራሱ ደቡብ የተዋጋው ስለ ባርነት መሆኑን በደብዳቤ ሳይሸሽግ ጽፏል። ጦርነቱን በሌላ ምክንያት ለማሳመር ከሚደክሙ ጓዶቹ ይልቅ በዚህ ነገር እርሱን አምነዋለሁ።

ሰዎቹ ሰፈር አልነበራቸውም። በቨርጂኒያ በፎኪየርና በላውደን ገጠር በየገበሬው ቤት ያድሩና ሲጠሩ ይሰበሰባሉ፤ መትተው ይበተናሉ። በጎራዴ ፈንታ ሽጉጥ ይታጠቁ ነበር። በማርች 1863 ሞዝቢ 29 ሰዎች አስከትሎ በሌሊት ፌርፋክስ ገባና የሰሜኑን ጄኔራል ኤድዊን ስቶተንን ከአልጋው ላይ ማረከ።

ከባዱ ጥያቄ ግን ሬንጀር ሲያዝ የሚመጣው ነው፦ ወታደር ነው ወይስ ሽፍታ? የሕግ ምሁሩ ፍራንሲስ ሊበር ያዘጋጀውና ሰሜኖቹ በኤፕሪል 1863 ያወጁት የጦር ሕግ ሁለቱን ይለያል። የሠራዊቱን ልብስ ለብሶ ተነጥሎ የሚዋጋ ፓርቲዛን የጦር ምርኮኛ መብት አለው። የተደራጀ ጦር አባል ሳይሆን አንድ ቀን ተዋግቶ በማግስቱ እንደ ሰላማዊ ሰው ወደ ቤቱ የሚመለስ ግን እንደ ወንበዴ ይቆጠራል። የሞዝቢ ሰዎች ልብሱም ሹመቱም ነበራቸው፤ ማደሪያቸው ደግሞ የገበሬ ቤት ነበር። ስለዚህ ሁለቱም ወገን በዚያው ሕግ መከራከር ይችል ነበር።

ክርክሩ በገመድ ተፈታ። በኦገስት 1864 የሰሜኑ ጦር ጠቅላይ አዛዥ ጄኔራል ግራንት ከሞዝቢ ሰዎች የተያዘ ሁሉ ያለ ፍርድ እንዲሰቀል አዘዘ። በሴፕቴምበር በፍሮንት ሮያል ከተማ ስድስት ምርኮኞች ተገደሉ፤ በጥይትም በስቅላትም። ከመካከላቸው አንዱ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። ሞዝቢ በኖቬምበር የሰሜን ምርኮኞችን ዕጣ አስወጣና ሰባቱን ለሞት መደበ፤ ሦስቱ ተሰቀሉ፣ የቀሩት በማምለጥም በቁስልም ተረፉ። ዕጣ የወጣባቸው የፍሮንት ሮያሉን ግድያ የፈጸሙ አልነበሩም፤ ስለዚህ ይህን ፍትሕ ብዬ ልጠራው አልችልም። ከዚያ ለሰሜኑ ጄኔራል ሸሪዳን ደብዳቤ ላከ፦ አዲስ ጭካኔ ካላስገደደው በቀር ከእንግዲህ ምርኮኞችን በሰብአዊነት እንደሚይዝ ገለጸ። ግድያው በዚያው ቆመ።

ሊ እጁን ሲሰጥ ሰሜኖቹ ምሕረቱ ሞዝቢን እንደማይጨምር አስታወቁ። እርሱም እጁን ሳይሰጥ ሻለቃውን ሳሌም በምትባል መንደር በተነ፤ ቀኑ ኤፕሪል 21 ቀን 1865 ነበር፣ ሕጉ በወጣ ልክ በሦስተኛው ዓመት። በኋላ ግራንት ራሱ ጣልቃ ገብቶ እንደ ማንኛውም የደቡብ መኮንን የነፃነት ወረቀት አሰጠው። በ1872 ሞዝቢ በዚያን ጊዜ ፕሬዚዳንት ለነበረው ለግራንት ዳግም መመረጥ ቀሰቀሰ፤ ይህም በቨርጂኒያ ብዙ ወዳጆቹን አሳጣው። ከ1878 እስከ 1885 በሆንግ ኮንግ የአሜሪካ ቆንስል ሆኖ አገለገለ።