የአቦርሽን ኮዶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከታች ያለው አሜሪካ ውስጥ የሚሠራበትን የምርመራ ኮድ ዝርዝር፣ አይሲዲ-10-ሲኤምን፣ ይመለከታል።

«ቻርቱ ላይ አቦርሽን ከተጻፈ ታካሚዋ በፈቃዷ አቋርጣለች»
አይደለም። ሐኪሞች በራሱ የጨነገፈውንም አቦርሽን ይሉታል፤ እሱ ኦ03 ሥር ይገባል። በፈቃድ የተደረገና ችግር ያላስከተለ ማቋረጥ ዜድ33.2 ነው። ኦ04 ግን ከማቋረጥ በኋላ ለመጣ ችግር ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትን አይሲዲ-10 የለመደ ሰው በብዛት የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ እዚያ ኦ04 የሕክምና ውርጃው ራሱ ነውና።

«ሚስድ እና ኢንኮምፕሊት ያው ናቸው»
ሚስድ የሚባለው ፅንሱ ሞቶ ማህፀን ውስጥ ሲቀር ነው፤ ኮዱ ኦ02.1። ኢንኮምፕሊት ደግሞ ከፊሉ ወጥቶ ከፊሉ ሲቀር ነው፤ ሌላ ችግር ከሌለው ኦ03.4። ልዩነቱ የሕክምናውን ኮድ ይቀይራል። ሚስዱ በቀዶ ሕክምና ከተጠረገ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሲፒቲ (የሕክምና ሥራዎች ኮድ) 59820፣ በቀጣዮቹ ሦስት ወራት 59821 ይሰጣል። ለኢንኮምፕሊት ግን ወሩ ምንም ይሁን 59812 ነው። የምርመራውና የሕክምናው ኮድ ካልተጣጣሙ ኢንሹራንሱ የክፍያ ጥያቄውን ውድቅ ሊያደርገው ይችላል። የደም መፍሰሱም አያያዝ ይለያል፦ ለሚስድ ኦ08.1 ለብቻው ይጨመራል፤ ለኢንኮምፕሊት ግን ኦ03.1 ውስጥ ተካቷል፣ ተጨማሪ አያስፈልገውም።

«28 ሳምንት ያልሞላው ሁሉ አቦርሽን ነው»
ኢትዮጵያ ውስጥ ለሠለጠነ ሰው የተለመደው መስመር ይህ ነው። በአይሲዲ-10-ሲኤም ግን ድንበሩ 20 ሳምንት ነው። 20ው ሞልቶ ማህፀን ውስጥ የሞተ ፅንስ ሚስድ አይባልም፤ ወደ ኦ36.4 ይሄዳል።

«ትሬተንድ (የሚያሰጋ) አቦርሽን ማለት ፅንሱ ወርዷል ማለት ነው»
አይደለም። ደም ታይቷል እንጂ እርግዝናው ቀጥሏል፤ ኦ20.0። በዚያው ቆይታ ከጨነገፈ ኦ20.0 ይቀርና የሆነው ነገር ኮድ ይሰጠዋል።

«የሳምንት ኮድ ሁልጊዜ ይጨመራል»
የእርግዝናውን ሳምንት የሚያሳየው ዜድ3ኤ ከኦ00 እስከ ኦ08 ባሉት ምድቦችም ሆነ ከዜድ33.2 ጋር አይሰጥም። ሳምንቱን ቻርቱ ላይ ማንበብ ግን ግድ ነው፤ ያለ እሱ ኦ02.1 እና ኦ36.4 አይለዩም።

«አንዴ ኮምፕሊት (ሁሉም ወጥቷል) ተብላ ከተለቀቀች ስትመለስም ኮዱ ኦ03.9 ነው»
በራሱ ከጨነገፈ በኋላ ተመልሳ የፅንስ ቅሪት ከተገኘባትና ሌላ ችግር ከሌላት ኦ03.4 ይሰጣል፤ የቀድሞው መሸኛ ኮምፕሊት ቢልም እንኳ። የቀደመው በፈቃድ የተደረገ ማቋረጥ ከነበረ ደግሞ ኦ07.4 ነው። ስለዚህ በዳግም ምልልስ ላይ መጀመሪያ የሚታየው የፊተኛው ጉብኝት አጀማመር ነው፦ በራሱ ወርዶ ነበር ወይስ ተቋርጦ? ማስታወሻው ካልለየው ለሐኪሙ ጥያቄ ይላካል፤ ኮድ የሚሰጠው ባለሙያ (ኮደሩ) በግምት አይሞላውም።