ባለ ሸራ ጀልባን ለብርድ ወራት ማቆም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የጀልባ ሞተር መጠገን እንጀራዬ ነው። የጉዞው ወቅት አብቅቶ ጀልባዎች ከውኃ ወጥተው በመደገፊያ ላይ በሚቆሙበት ሰሞን ከባለቤቶቻቸው ዘወትር የምሰማው አንድ ቃል አለ፦ «ሮዙ ፈሳሽ በጭስ ማውጫው እስኪወጣ ድረስ ሞተሩን አጠጥቼዋለሁ፤ አታስብ።» ሮዙ ፈሳሽ በሞተሩ ውስጥ ውኃ እንዳይረጋ የሚገባው ፀረ በረዶ ነው። እንዲህ የሚሉኝ ቸልተኞች አይደሉም፤ አብዛኞቹ ጀልባቸውን እንደ ልጅ የሚንከባከቡ ናቸው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ይህንኑ ቃል ስሰማ ነው።

ውኃ ወደ በረዶነት ሲለወጥ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ በብረት ውስጥ ታስሮ መውጫ ያጣ ውኃም ብረቱን ይሰነጥቃል። የጨው ውኃ አይረጋም የሚለው ተስፋ ከንቱ ነው፤ የውቅያኖስ ውኃ የሚረጋው ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ እንኳ ሳይሞላ ነው።

ወደ ሮዙ ፈሳሽ እንመለስ። የተለመደው እምነት ፈሳሹ በመሳቢያው ቱቦ ገብቶ በማርሚታው ከወጣ በመካከል ያለውን ሁሉ አዳርሷል የሚል ነው። በቀጥታ በባሕር ወይም በሐይቅ ውኃ በሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ ይህ እምነት ቴርሞስታቱን፣ ማለትም ሞተሩ ሲሞቅ የሚከፈተውን የውኃ መዝጊያ፣ ይዘነጋል። ሞተሩ ካልሞቀ ቴርሞስታቱ ዝግ ስለሆነ፣ ፓምፑ የሚገፋው ፈሳሽ ሲሊንደሮቹን በያዘው የሞተሩ ዋና አካል፣ በሞኖብሎኩ ውስጥ በማለፍ ፈንታ በአቋራጩ ቱቦ ዞሮ ወደ ጭስ ማውጫው ይሄዳል። ባለቤቱ ሮዝ ቀለም አይቶ ሞተሩን ያጠፋል፤ በሲሊንደሮቹ ዙሪያ የቀረው ግን ወቅቱን ሙሉ ሲዘዋወር የከረመው ያው ተራ ውኃ ነው።

አንድ ደንበኛዬ በዚህ ጉዳይ ከእኔ ጋር ተከራክሮ፣ ሥራውን በራሱ መንገድ ጨርሶ ሄደ። ብርዱ ካለፈ በኋላ ሞተሩን ባስነሣበት ቀን ጠራኝ። በእጅ ባትሪ ሳበራ በሞኖብሎኩ ጎን ላይ ፀጉር የምታህል መስመር ቀለሙን ከፍላ ወርዳለች፤ ከታችኛው ጫፏም ዝገት የቀላቀለ ውኃ ጠብ ይላል። ከማርሚታው ያፈሰስሁት ፈሳሽ በእርግጥም ሮዝ ነበር። ሰውየው አልዋሸም፤ ያየውን ነው የነገረኝ።

ስለዚህ ሞተሩ በቅድሚያ ይሙቅ። ከዚያም ጠፍቶ የሞኖብሎኩ ማፍሰሻ ይከፈት። ምንም ካልወጣ ባዶ ነው ብላችሁ አትደምድሙ፤ ብዙውን ጊዜ ዝገትና የጨው ቅርፊት ቀዳዳውን ስለሚደፍነው በቀጭን ሽቦ መቆፈር ያስፈልጋል። ውኃው ፈስሶ ካለቀ በኋላ ማፍሰሻው ተዘግቶ ፀረ በረዶው ይገባል፤ እኔ ይህን ስሠራ ቴርሞስታቱን አውጥቼ ነው። በመጨረሻም ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ፈሳሽ በመለኪያ መሣሪያ ይለካ እንጂ በዓይን አይፈረድበት፤ ቀለሙ ስንት ውኃ እንደተቀላቀለበት አይናገርምና። የራሱ ዝግ የማቀዝቀዣ ዑደት ያለው ሞተር ከዚህ ጣጣ የዳነ ነው፤ በእርሱ ላይ የውጭው ውኃ የሚነካው ፓምፑን፣ ሙቀት ማስተላለፊያውንና ጭስ ማውጫውን ብቻ ሲሆን፣ በዝግ ዑደቱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ግን ብርዱን መቋቋሙ ለብቻው መለካት አለበት።

ለመጠጥ ውኃ መስመር የሚሆነው ፕሮፒሊን ግላይኮል ያለበት ፀረ በረዶ ነው። ኤቲሊን ግላይኮል መርዝ ስለሆነ ወደዚያ መስመር ፈጽሞ አይግባ። ገንዳውን ሳያራግፉ ፀረ በረዶ ማፍሰስም ፈሳሹን ከማቅጠን በቀር የሚፈይደው የለም።

«የሞተር ዘይት የሚቀየረው ጀልባው ወደ ውኃ ሊመለስ ሲል ነው» ይባላል። ያገለገለ ዘይት አሲድና እርጥበት ስለያዘ ወራቱን ሙሉ ከብረቱ ጋር መክረም የለበትም፤ ከመቆሙ በፊት ይቀየር።

ባትሪ ሲሚንቶ ላይ ከተቀመጠ ይሞታል የሚለው ከጥንት ባትሪዎች የተወረሰ ወሬ ነው። ባትሪን የሚገድለው ባዶውን መተው ነው፤ የተራገፈ የእርሳስና አሲድ ባትሪ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲረጋ፣ በሚገባ የተሞላው ግን ከዜሮ በታች 50 ዲግሪንም ይቋቋማል።

ጀልባን አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ጠቅልሎ ማሸግ ደረቅ ያደርገዋል የሚሉም አሉ። እርጥበቱ አስቀድሞ ውስጥ አለ፤ ሌሊት በመሸፈኛው ሥር ጠብታ ይሠራል፣ ብርዱ ሲያልፍም ፍራሹ ሻጋታ ለብሶ ይገኛል። ከፊትም ከኋላም የአየር መተላለፊያ ይተው፤ የምግብ ማቀዝቀዣው በርም ክፍት ይሁን። የመሸፈኛውን ገመድ በመደገፊያ እግሮቹ ላይ ማሰር ደግሞ ከስንፍና ሁሉ የከፋ ነው። የጀልባው ክብደት የሚያርፈው ኪል በሚባለው የታችኛው አካሉ ላይ ሲሆን፣ እግሮቹ የሚሠሩት እንዳይጋደል መያዝ ብቻ ነው። ነፋስ መሸፈኛውን ባራገበው ቁጥር ገመዱ እግሩን ይጎትታል፤ አንዱ ከተነቀለ ጀልባው ይወድቃል። ስለዚህ ገመዱ በጀልባው ሥር አልፎ ከወዲያኛው ጎን ይታሰር፤ እግሮቹም ግራና ቀኙ በሰንሰለት ይያያዙ።

ሸራን ጠቅልሎ በምሰሶው ገመድ ላይ መተውም እንዲሁ ነው። አውሎ ነፋስ ከፈታው መሬት ላይ የቆመውን ጀልባ ሊጥለው ይችላል። ይውረድ፣ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ፣ በሚገባ ሳይደርቅም አይታጠፍ።

«አንዴ ከቆመ እስከ መነሻው ድረስ የሚጎበኝበት ምክንያት የለም» የሚለኝ ሰው ካለ፣ የመሪው መቀመጫ አጠገብ ወዳለው የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳ እወስደዋለሁ። ሁለት የረገፉ ቅጠሎች ከደፈኑት ዝናብና የቀለጠ በረዶ በመቀመጫው ዙሪያ ይጠራቀማል፤ ሲሞላም በመግቢያው በር ሥር ወደ ውስጥ ዘልቆ ሞተሩን ያጥለቀልቃል። ቅጠሎቹን ለማንሣት ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም፤ እኔ ግን ውኃውን ለማውጣት ግማሽ ቀን ፓምፕ ይዤ የቆምሁባቸው ጀልባዎች አሉ።